ጆሮ ጠቢ ሆኖ የተወነው ሰው

አክሊሉ ተዋናይ ልሁን ብሎ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም። ያሰበው ዘውድነሽን ማግባት ብቻ ነበር። ሰው በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ሐሳቡን ወደ አንድ ዝቅ ካደረገ ሊመሰገን ይገባዋል፤ አክሊሉ ግን ይህችኑ አንዲት ሐሳብ ሊጨርስ ሲል የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መሀል ገባበት።

ነገሩ ወዲህ ነው። አክሊሉ የኩላሊት ሕመምተኞችን ወደ ዳያሊሲስ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ዘውድነሽ አትላንታ አጠገብ፣ ሊልበርን ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። አንድ አዛውንት ፈረንጅ በዊልቸር ገፍቶ ሲያስረክባት ተዋወቁ፤ አዛውንቱ ከሞቱ በኋላም አክሊሉ ወደ መጦሪያው መምጣቱን አላቋረጠም። የእሷ ባል አማኑኤል ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል፤ እሱም ከተፋታ ቆይቷል። የሚያመልኩትም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ አክሊሉ ያንን ለማየት ሲል በዚህ ዕድሜው ቀልድ ማጥናት ጀምሮ ነበር።

የቀረው ሽማግሌ መላክ ነው። ዘውድነሽ የምትኖረው በታላቅ ወንድሟ በጋሽ ኃይሉ ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ነው። ጋሽ ኃይሉ ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ ቢሮ የሚያጸዳ ካምፓኒ አላቸው። ስለ አክሊሉ ገና ሲነሳባቸው «ሹፌር?» ብለው ጠየቁና መልሱን ሳይጠብቁ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ። ቢሆንም የቤተ ክርስቲያኑ አንጋፋ ሽማግሌ ጋሽ ነጋሽ «ለእኔ ተወው» ብለውት ነበር። ከትያትሩ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ሊሄዱ ቀጠሮ ያዙ።

ትያትሩ የመጣው በሚስ ዶና በኩል ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ 2014 ዓ.ም. ሐምሌ፣ የአትላንታ ውጊያ መቶ ሃምሳ ዓመት የሞላበት ነበር። ሚስ ዶና ጡረታ የወጣች የታሪክ አስተማሪ ናት፤ ራሷ የጻፈችውን ትያትር በአንድ የድሮ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ልታሳይ ተዋናይ ታፈላልጋለች። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ደግሞ ለትምህርት ቤታቸው የበጎ ፈቃድ ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። ፓስተሩ ሁለቱን አገናኙ፤ አክሊሉ ልጆቹን በቫኑ አድርሶ ከኋላ ወንበር ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸው ጀመር።

ሚስ ዶና ለወላጆችም ታሪኩን አስረዳች። ባሪያ አሳዳሪው ደቡብ ከሰሜኑ ጋር በሚዋጋበት ጊዜ አትላንታ ውስጥ በልባቸው ሰሜኑን የሚደግፉ ሰዎች ነበሩ። ከተማው በወታደር ሕግ ሥር ወደቀ። ፕሮቮስት ማርሻል የሚባል ሹም ተሾመ፤ ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት የሚገኘው ከእሱ ቢሮ ነው። የሹሙ ሰዎች ሲቪል ለብሰው ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ማን ምን እንደሚል ያዳምጣሉ። በሽንፈት ወሬ ፈገግ ያለ ይያዛል። ጎረቤት ጎረቤቱን ያስይዛል፤ የተያዘው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

ፈረንጆቹ ወላጆች ራሳቸውን እየነቀነቁ ተገረሙ። ሐበሾቹ ምንም አልገረማቸውም።

«ቀበሌ ነበራቸው ማለት ነው» አሉ ጋሽ ነጋሽ። ከዚያ እጃቸውን አውጥተው «ስንት ዓመት ቆየ?» ብለው ጠየቁ።

«አራት ዓመት» አለች ሚስ ዶና በሐዘን።

«አራት ብቻ?» አሉ ጋሽ ነጋሽ፤ ከጎናቸው ለተቀመጡት ደግሞ «ቶሎ ነው የተገላገሉት» ብለው በአማርኛ አከሉ።

ሚስ ዶና አንድ ሰው ጎደላት። በትያትሩ ውስጥ ሄንሪክ የሚባል ከባሕር ማዶ የመጣ ባለ ሱቅ አለ። የሰሜኑ ደጋፊዎች በየምሽቱ ሱቁ ጓዳ ተሰብስበው ይጫወታሉ፤ ሄንሪክ እያስተናገደ የሚሉትን ሁሉ ለሹሙ ያደርሳል። ሚስ ዶና ሄንሪክ እንግሊዝኛው የውጭ አገር ቃና እንዲኖረው ፈለገች። ዞር ስትል አክሊሉ ከኋላ ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እሱም እምቢ ማለት አሳፈረው። የሐበሻ ሰው ስንት ጣጣ ውስጥ የሚገባው እምቢ ማለት አሳፍሮት ነው።

ንግግሩ ሦስት ብቻ ነበር። መጀመሪያ «እንደምን አመሻችሁ»፣ መሀል ላይ «ልጨምርላችሁ?»፣ በመጨረሻ «እነዚህ ናቸው፣ ጌታዬ»። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ግን ረጅም ጊዜ ነበረው፤ ጥግ ተቀምጦ ብርጭቆ ይወለውላል። «ምንም እንዳታደርግ፤ ብቻ አዳምጥ» አለችው ሚስ ዶና። አክሊሉ አዳመጠ። እንዴት አያዳምጥ? ተዋናዮቹ የሚያወሩት የዱሮ ሰዎች የደቡብ እንግሊዝኛ ነው፤ ካላዳመጠ ሦስተኛው ተራው ያመልጠዋል። አንዲት ቃል እንዳታልፈው ዓይኑን እያጠበበ፣ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እየተከተለ፣ ብርጭቆውን ሳያይ ይወለውል ነበር።

በትያትሩ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ፊት ለፊት ያሉትን ወንበሮች ሞላ። የፓስተሩ ልጅ ሉሊት ለታሰሩ የሰሜን ወታደሮች በድብቅ ምግብ የምታቀብል ባሪያ ሆና ተጫወተች፤ እናቷ ከአሁኑ ታለቅሳለች። ዘውድነሽ ከወንድሟ ጎን ተቀምጣለች። አክሊሉ ገብቶ «እንደምን አመሻችሁ» ሲል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ ጥጉን ይዞ ብርጭቆውን መወልወል ጀመረ።

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ነጋሽ ሊጎርሱት የነበረውን ፋንዲሻ ወደ ከረጢቱ መለሱት። በዚያ ረድፍ ከተቀመጠው ሰው ውስጥ ይህን አቀማመጥ በዕድሜው አንድ ቦታ ያላየ የለም፤ በዕድር ድንኳን፣ በመሥሪያ ቤት ክበብ፣ በጎረቤት ሳሎን። በመጨረሻም ወታደሮቹ በሩን በርግደው ሲገቡ አክሊሉ ተነሣና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እነዚህ ናቸው፣ ጌታዬ» አለ። ዓይኑን መሬት ላይ የተከለው መቆሚያው በቴፕ ምልክት ስለተደረገበትና ቴፑ ስለጠፋበት ነው። ማን ይህን ይወቅለት?

ፈረንጆቹ ቆመው አጨበጨቡ። የእኛ ሰዎችም አጨበጨቡ፤ የስብሰባ ጭብጨባ፣ አንዴ ተጀምሮ አንዴ የሚቆም።

ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ጋሽ ነጋሽ እጁን ጨበጡት። «በጣም ጥሩ ነበር፣ ወንድም አክሊሉ። የት ነው የተማርከው?»

«የትም አልተማርኩም፣ ጋሽ ነጋሽ። እንዲሁ መጣልኝ።»

«እእ» አሉ ጋሽ ነጋሽ፤ እጃቸውንም ቀስ ብለው መለሱ።

ቅዳሜ ጋሽ ነጋሽን ጉልበታቸውን አመማቸውና ሽምግልናው ቀረ። በቀጣዩም ቅዳሜ ጉልበቱ አልተሻለም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አክሊሉ ወደ አንድ ክብ ሲጠጋ ወሬው ወደ አየር ሁኔታ ይዞራል። በጸሎት ጥያቄ ሰዓት ስለ አገር ቤት እስረኞች መጸለይ ቀርቶ ስለ ጉንፋን ብቻ ይጸለይ ጀመር። ሐምራዊት ባለፈው ዓመት እንኳ መፈክር ይዛ ዋሺንግተን ድረስ የሄደች ሴት ናት፤ እሷ ራሷ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ቦርሳዋን እያስተካከለች «መንገዱ ግን ተሠርቷል፤ ዓይን አይክደውም» አለችው።

«የት ያለው መንገድ?» አላት አክሊሉ፣ ለወሬ ያህል።

ሐምራዊት ደነገጠች። «እኔ አላየሁም፤ ሁለቱ የአክስቴ ልጆች ናቸው ያሉኝ» አለችና የሁለቱንም ሙሉ ስም ነገረችው። አክሊሉ ምን ያድርገው?

ብሶም መጣ። አንድ ሸምገል ያለ ሰውዬ ሽንት ቤት ድረስ ተከትሎት ገብቶ፣ የእጅ መታጠቢያውን ውሃ ከፍቶ፣ ወንድሙ አዲስ አበባ እንደታሰረና «አንድ ቃል ጣል ቢያደርግለት» እንደማይረሳው አንሾካሾከለት።

«እኔ እኮ አይደለሁም!» አለ አክሊሉ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ነኝ የሚል የለም» አለ ሰውዬው በትሕትና፣ ውሃውን ሳይዘጋ።

ይህ ሁሉ ለአክሊሉ ቀልድ ሊሆንለት ይችል ነበር፤ ቀልድ የሚነግራት ሰው ግን ስልክ አታነሣም። ሲደውል «ሺፍት ላይ ነኝ» የሚል ቴክስት ይመጣል። አንድ ቀን በሽተኛ ሊያደርስ መጦሪያው ሄዶ አገኛት። ወረቀቱን ፈረመችለት፤ ቀና ብላ አላየችውም።

«ዘውዴ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ጥሩ ተጫወተ እያለ ነው ሰው ሁሉ።»

«ትያትር እኮ ነው!»

«የሁሉም ትያትር ነው» አለችና ዊልቸሩን እየገፋች ወደ ውስጥ ገባች። አክሊሉ ቫኑ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ። በወጣትነቱም እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

እንዲህ ባለበት ሰሞን ነው ጋሽ ነጋሽ የደወሉለት። ድምፃቸው ግራ የተጋባ ሰው ድምፅ ነው።

«አክሊሉ፣ ጋሽ ኃይሉ ሰው ልከውብኛል። ሽማግሌዎቹ ለምን ቀሩ ይላሉ።»

«እ?»

«እኔም እ ነው ያልኩት። የሴት ወገን ሽማግሌ ላኩብን ብሎ ሲልክ በዕድሜዬ አላየሁም። አንተም አብረህ እንድትመጣ ይፈልጋሉ።»

«ጋሽ ነጋሽ፣ ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር ይሄዳል እንዴ?»

«አይሄድም። ግን እሳቸው ናቸው ያሉት። እንግዲህ አሜሪካ ነው፤ ሱፍህን ልበስ።»

ሄዱ። ወግ እንደሚለው ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ፣ «ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም» ብሎ፣ ብዙ ከተለመነ በኋላ ነው የሚቀመጠው። ጋሽ ኃይሉ ግን ለመቆምም ጊዜ አልሰጧቸውም፤ ጋሽ ነጋሽንና አብሯቸው የመጣውን ሌላ ሽማግሌ እጃቸውን እየያዙ ሶፋ ላይ አስቀመጧቸው። አክሊሉን ከራሳቸው ጎን አደረጉት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ዘውድነሽ ኩሽና ውስጥ ናት፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ጀርባዋ ይታያል። አልዞረችም።

ጋሽ ነጋሽ ያጠኑትን ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ ጋሽ ኃይሉ እጃቸውን አነሡ።

«አይድከሙ፣ ጋሽ ነጋሽ። እኔ ፈቅጃለሁ።» ወደ አክሊሉ ዘንበል አሉ። «እኔ በሰው አልፈርድም። ሰው እንጀራውን በየመንገዱ ነው የሚያገኘው። አንዲት ነገር ብቻ አለችብኝ፤ አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ያለችው ቤቴ። ካርታዋ ታግዷል። ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ በአንድ ስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ቤተሰብ ከሆንን አንተ ዝም እንደማትል አውቃለሁ።»

አክሊሉ አሁን ገባው። ጋሽ ኃይሉ ሹፌሩን አይደለም የፈለጉት፤ ሄንሪክን ነው።

እዚህ ላይ መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ዝም ቢል ይበቃል። አንገቱን ትንሽ ቢነቀንቅ ዘውድነሽ የእሱ ናት፤ ካርታው ዛሬ ነገ እየተባለ ዓመት ይገፋል፤ አዲስ አበባ ላይ የሰው ጉዳይ ዓመት ቢፈጅ ማን ይገረማል? አክሊሉ ይህን ሁሉ አሰበ፤ ቅዱስ አልነበረም። ከዚያ ወደ ኩሽናው አየ። ጀርባዋ እንደ እንጨት ደርቋል። እንዲህ ሆና አብራው ልትኖር እንደሆነ ታየውና ፈራ።

«ጋሽ ኃይሉ፣ እኔ የማውቀው ሰው የለም» አለ።

«ልክ ነህ፤ እንደዚያ ነው የሚባለው» አሉ ጋሽ ኃይሉ ፈገግ ብለው።

«የለም እኮ ነው የምልዎት። በልጅነቴ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ቀበሌ አስረውኝ ነበር። ስም አምጣ አሉኝ። የማውቀው ስም አልነበረኝም። ውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ፣ ጌታ ሆይ አንድ ስም አስታውሰኝ ብዬ ነው የጸለይኩት። ባውቅ ኖሮ እናገር ነበር። ባለማወቄ ሰልችተው ለቀቁኝ። ከዚያ ወዲህ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ተገናኝቼ አላውቅም።»

ሌላው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። የጋሽ ኃይሉ ፈገግታ ቀስ በቀስ ወረደ። ይህን አመኑት፤ ጆሮ ጠቢ የሆነ ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ያለ ነገር አያወራም።

«ታዲያ ማንን ነው የምታውቀው?»

«ዳያሊሲስ የሚሄዱ ሰዎችን።»

ጋሽ ኃይሉ ከአክሊሉ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። «መልካም። እንግዲህ ተመካክረን እንመልስላችኋለን» አሉ። ይህ በአማርኛ ሂዱ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹም ገባቸውና ሊነሡ ሶፋውን መደገፍ ጀመሩ።

«ከማን ጋር ነው የምትመካከረው፣ ጋሼ?»

ዘውድነሽ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። እጇ እርጥብ ነው።

«ዘውዴ፣ አንቺ ግቢ።»

«ካርታውን ያኔ ማን አወጣልህ? አማኑኤል። በምን አወጣልህ?» ድምፅዋን አላነሣችም። «ለጋሽ ነጋሽ ንገራቸው። ባሌ በየሰልፉ ከሁሉ በላይ ይጮህ ነበር አይደል? እሱ ሲጮህ ሰው ሁሉ ሆዱን ዘርግፎ ይነግረዋል። ከዚያ ስልኩን ይዞ ጋራዥ ይገባል። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። አውቅ ነበር፤ አንተም ታውቅ ነበር። ትያትሩን ያየሁ ለት፣ ሁለተኛውም ያው ሆነብኝ ብዬ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። አንተ ግን እየነዳህ ታፏጭ ነበር።»

ጋሽ ነጋሽ ከሶፋው ሳይነሡ ቀሩ። በአማኑኤል ቀብር ላይ «እውነተኛ የአገር ልጅ» ብለው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ በረከት አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዞ ወራት ታስሮ ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲህ እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ሊቶኒያ ካለው ቤቱ ብዙም አይወጣም።

«በረከት...» አሉ።

«አዎ፣ ጋሽ ነጋሽ። የሚበርበትን ቀን ለአማኑኤል የነገረው ራሱ በረከት ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ፤ ወጥ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ቤቱስ?» አሉ ጋሽ ኃይሉ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልታወቀም።

ጋሽ ነጋሽ ወደ አክሊሉ ዞሩ። ፊታቸው ባንድ ጊዜ አርጅቷል። «ይህን ሁሉ ሰምተህ አሁንም ትፈልጋታለህ?»

አክሊሉ ዘውድነሽን አያት። እሷም ከትያትሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየችው።

«እኔ ባውቅ እናገር ነበር። እሷ አውቃ ዝም አለች» አለ። «ከሁለታችን ማን እንደሚብስ አላውቅም፣ ጋሽ ነጋሽ። ግን እፈልጋታለሁ።»

ዘውድነሽ እርጥብ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች፤ አልሳቀችም።

ጋሽ ነጋሽ ተነሡ። «እኔ አልከለክልም፤ ዛሬ ግን መመረቅ አልችልም» አሏት። «መጀመሪያ ለበረከት ትነግሪዋለሽ። ራስሽ፣ በአፍሽ።»

«እነግረዋለሁ።»

ሊቶኒያ ድረስ ያደረሳት አክሊሉ ነው። መንገድ ላይ ትራፊክ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «ኤሲው በረደሽ?» አላት፤ «አይ» አለችው። ደወሉን ስትደውል ከጎኗ ቆመ።

በረከት በሩን ከፈተ። ጢሙ አድጓል። ዘውድነሽን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እትዬ ዘውዴ! ግቡ፣ ግቡ እንጂ።» ወደ ውስጥ ሲገቡ ግድግዳውን አሳያት። የአማኑኤል ፎቶ ነው፤ በአንዱ ሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ በጥሩ ፍሬም ተሰቅሏል። «አየሽው? ትላንት ራሱ እያሰብኩት ነበር። እዚያ ታስሬ እያለሁ፣ እሱ ሲሰማ ምን ያህል ይናደድልኝ ይሆን እያልኩ ነው የተጽናናሁት።»

ዘውድነሽ ፎቶውን አላየችም። ወንበር ስባ አቀረበችለት።

«ቁጭ በል እስቲ፣ በረከት» አለችው።